ከድሮ ሸክላና ካሴት ሳምፕል አድርጎ ዘፈን ማውጣት፦ ከፈቃድ ጥያቄ እስከ ሮያሊቲ ክፍፍል

ከድሮ ሸክላ ላይ ስምንት ሰከንድ ሳክስፎን ቆርጦ፣ ደጋግሞ አዙሮ፣ ከሥሩ ከበሮ ማስገባት፣ ሳምፕል ማድረግ የሚባለው፣ የአንድ ሌሊት ሥራ ነው። ለዚያች ስምንት ሰከንድ ፈቃድ ማግኘት ግን ወራት ይፈጃል። ዜማ ደራሲው አርፎ፣ ያሳተመው ሙዚቃ ቤት ተዘግቶ፣ ስምምነቱም በቃል ብቻ የነበረ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ስለዚህ የፈቃዱ ሥራ ከቢቱ (ከግጥሙ በታች ካለው ሙዚቃ) ጋር እኩል ይጀመር። ዘፈኑ ተቀርጾ፣ ክሊፑ ተሠርቶ፣ የሚለቀቅበት ቀን ከተነገረ በኋላ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው የመደራደር አቅሙን በገዛ እጁ ጥሎ ነው የሚሄደው።

የኢትዮጵያ ሙዚቃ ለዓለም ገበያ ሳምፕል ሲደረግ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ራፐሩ ናስና የሬጌ ድምፃዊው ዴሚያን ማርሊ አንድ ላይ ያወጡት አልበም መክፈቻ ዘፈን የቆመው በሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ላይ ነው። ያ ሙዚቃ ዋጋ እንዳለው ውጭ ያሉት ካወቁ፣ እዚህ ያለን ሰዎች ከራሳችን አባቶች ሥራ ስንወስድ ሳንጠይቅ ልንወስድ አይገባም። ይህ መመሪያ የተጻፈው ከኢትዮጵያ የድሮ ቅጂ ወስዶ በዲጂታል መደብሮች ዘፈን ለሚለቅ አቀናባሪ፣ ድምፃዊ ወይም ፕሮዲዩሰር ነው፤ አዲስ አበባም ይኑር ዋሽንግተን ዲሲ።

አንድ ቅጂ፣ ሁለት ንብረት

ከምንም በፊት ይህ ይለይ። በአንድ ሸክላ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ንብረቶች አሉ። አንደኛው ድርሰቱ ነው፤ ግጥሙና ዜማው። ሁለተኛው ማስተሩ ነው፤ በዚያ ቀን በዚያ ስቱዲዮ የተቀረጸው ድምፅ። ድርሰቱ የገጣሚውና የዜማ ደራሲው ወይም የወራሾቻቸው ነው። ማስተሩ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ አውጥቶ ያስቀረጸው አሳታሚ ነው። ሳምፕል ስታደርጉ ሁለቱንም አንድ ላይ ትነካላችሁ፤ ፈቃዱም ሁለት ነው። ከሙዚቃ ቤቱ የተፈረመ ወረቀት ይዞ «ጨርሻለሁ» የሚል ሰው ግማሹን ብቻ ነው የጨረሰው።

በእኛ አገር ሦስተኛ ሰው አለ፤ አቀናባሪው። በካሴት ልባስ ላይ «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» ተብሎ ተለይቶ ይጻፋል። ብዙ ጊዜ ሳምፕል የሚደረገው ደግሞ ድምፃዊው ከመግባቱ በፊት ያለው የነፋስ መሣሪያዎች ጥሪ ወይም የቤዝ ጊታር ምልልስ ነው፤ እሱን የፈጠረው ዜማ ደራሲው ላይሆን ይችላል፤ አቀናባሪው ወይም ባንዱ ሊሆን ይችላል። ከዘፈኑ የወሰዳችሁት ክፍል ቃል የሌለበት ከሆነ ገጣሚው ላይመለከተው ይችላል፣ አቀናባሪው ግን ይመለከተዋል። ድርድሩ ውስጥ ይህን ቀድማችሁ ካላነሳችሁት ዘፈኑ ከወጣ በኋላ በሌላ ሰው ይነሳል።

የሕዝብ ዜማስ? ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ቅኝቶች ናቸው፤ ባለቤት የላቸውም። ደራሲው የማይታወቅ የቆየ የሠርግ ወይም የእረኛ ዜማም እንዲሁ። ነገር ግን ያንን ዜማ አንድ ባንድ አቀናብሮ ከቀረጸው ቅንብሩና ማስተሩ ባለቤት አላቸው። የቅዱስ ያሬድ ዜማ የ6ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ትናንት የተቀረጸው የማኅሌት ካሴት ግን የትናንት ንብረት ነው። እዚህ ላይ ከሕግ በላይ የሆነ ነገርም አለ፦ ጸሎት የሆነን ድምፅ ለጭፈራ ቢት መቁረጥ ብዙ ምእመናንን ያሳዝናል። አለማድረጉ ይሻላል።

«ጥቂት ሰከንድ አያስጠይቅም» የሚለው ወሬ

ሰባት ሰከንድ፣ አራት ባር፣ ስምንት ኖታ እየተባለ የሚወራው ሁሉ በየትኛውም ሕግ ውስጥ የለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1991 የራፐሩ ቢዝ ማርኪ አልበም በአንድ የጊልበርት ኦሱሊቫን ሳምፕል ምክንያት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታግዷል። በ2005 አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት ፈቃድ ከሌለህ ሳምፕል አታድርግ እስከ ማለት ደርሷል። በ2016 በማዶና ዘፈን ውስጥ 0.23 ሰከንድ ስለሚሆን የነፋስ መሣሪያ ድምፅ የተነሳው ክርክር ግን በተቃራኒው ተፈርዷል፤ ሁለት የይግባኝ ፍርድ ቤቶች ሁለት ነገር ብለዋል ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2019 ከጀርመኑ ባንድ ክራፍትወርክ ስለተወሰደ ሁለት ሰከንድ ሲወስን፣ አጭርም ቢሆን ፈቃድ ይፈልጋል፤ ለጆሮ እስከማይታወቅ ተለውጦ ካልሆነ በቀር ብሏል። ዘፈናችሁ በዲጂታል መደብር ሲወጣ በአንድ ቀን በእነዚህ አገሮች ሁሉ ይወጣል። ስለዚህ በጣም ጥብቁን ሕግ ይዛችሁ ሥሩ።

«50 ዓመት አልፎታል» የሚለውም በጥንቃቄ ይታይ። በኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የድምፅ ቅጂ ጥበቃ ከታተመበት ጊዜ ጀምሮ 50 ዓመት ነው። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት ግን ዕድሜውን ሙሉ፣ ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። በ1963 ዓ.ም. የታተመ ሸክላ ማስተሩ እዚህ ዘመኑ ቢያልፍ እንኳ፣ ዜማ ደራሲው በሕይወት ካለ ወይም በቅርብ ካረፈ ድርሰቱ ገና ሙሉ ጥበቃ ላይ ነው። ውጭ ደግሞ ስሌቱ ሌላ ነው፦ የአውሮፓ ኅብረት ለታተሙ ቅጂዎች ጊዜውን ወደ 70 ዓመት አሳድጓል፤ የአሜሪካው የ2018 ሕግ ከ1957 ጀምሮ እስከ የካቲት 1972 አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ለተቀረጹ ድምፆች እስከ 2067 የሚዘልቅ ጥበቃ አስቀምጧል።

ደረጃ 1፦ ስትቆርጡ መዝግቡ

ሳምፕሉን ፕሮጀክታችሁ ውስጥ ባስገባችሁበት ደቂቃ አንድ የጽሑፍ ፋይል ክፈቱ። በውስጡ ይህን ጻፉ፦ የዘፈኑ ርእስ በፊደልና በላቲን፤ የድምፃዊው፣ የገጣሚው፣ የዜማ ደራሲውና የአቀናባሪው ስም በልባሱ ላይ እንደተጻፈው፤ ያሳተመው ድርጅትና የሸክላው ወይም የካሴቱ ቁጥር፤ ከየትኛው ደቂቃና ሰከንድ እስከ የትኛው እንደተወሰደ፤ በአዲሱ ዘፈን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚሰማና በጠቅላላው ስንት ሰከንድ እንደሚሆን፤ ፍጥነቱ ወይም ቁልፉ ተቀይሮ እንደሆነ። የልባሱን ፊትና ጀርባ፣ የሸክላውንም መሐል ፎቶ አንሡ።

የድምፅ ምንጩ ዩቲዩብ ላይ የተጫነ ፋይል ከሆነ በዚያ አትርኩ። ርእሱ ተሳስቶ፣ ድምፃዊው ተቀያይሮ የተጫነ ብዙ አለ። ከዚያ በላይ የሚያስቸግረው አንድ ዘፈን በሁለትና በሦስት ድምፃውያን በተለያየ ዘመን መቀረጹ ነው፤ ድርሰቱ አንድ ሆኖ ማስተሩ ሌላ ይሆናል፤ የተሳሳተውን ባለማስተር ስትለማመጡ ጊዜው ያልፋል።

ሳምፕሉን ሁልጊዜ በራሱ ትራክ ላይ ለብቻው አስቀምጡት። ከሌላ ድምፅ ጋር አንድ ላይ አትጋግሩት። ፈቃድ ካልተገኘ በአንድ ቀን የምታወጡት መሆን አለበት።

ደረጃ 2፦ ባለመብቱን መፈለግ

ከልባሱ ጀምሩ። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ድረስ የቆየው አምሃ ሪከርድስ፣ ካይፋ ሪከርድስ፣ ፊሊፕስ፤ የዚያ ዘመን ሸክላዎች አብዛኞቹ ከእነዚህ ከአንዱ ናቸው። ከእነሱ ብዙዎቹ በፈረንሣዩ ቡዳ ሙዚክ በኩል በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት «ኢትዮፒክስ» በሚለው ተከታታይ እንደገና ታትመዋል። እንዲህ ያለ ዳግም እትም ካለ ጠቃሚ ምንጭ ነው፤ የማስተሩን ባለቤት ስም ጠቅሶ ሊሆን ይችላል። ግን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ዳግም አሳታሚው ማስተሩን የገዛ ነው ወይስ ለማተም ብቻ የተፈቀደለት? ለማተም የተፈቀደለት ሰው ለሌላ ሳምፕል የመፍቀድ መብት ላይኖረው ይችላል። «ከዋናው ባለቤት ጋር ባላችሁ ውል ለሦስተኛ ወገን መፍቀድ ይቻላል?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ።

ለድርሰቱ ደግሞ የውጭ መዝገቦችን ፈልጉ። ለደራሲያን ክፍያ የሚሰበስቡት የአሜሪካዎቹ አስካፕና ቢኤምአይ ለሁሉ ክፍት የሆነ የዘፈን ፍለጋ አላቸው፤ የፈረንሣዩ ሳሴምም እንዲሁ። በአሜሪካ የዲጂታል ሜካኒካል ክፍያ (ቅጂው ሲባዛ ለድርሰቱ የሚከፈል) የሚሰበስበው ኤምኤልሲም ይፋ መፈለጊያ አለው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር የብዙዎችን ፍለጋ ያበላሻል። አንደኛው አጻጻፍ ነው፦ «ትዝታ» የሚለው ቃል ብቻ በላቲን ፊደል በአራትና በአምስት መልክ ተጽፏል፤ ፈረንሣዮቹ ደግሞ በፊደሎቹ ላይ ምልክት ይጨምራሉ። ሁሉንም ሞክሩ። ሁለተኛው የአባት ስም ነው፤ መዝገቦቹ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚይዙ በአባት ስም ካልፈለጋችሁ ሰውየውን ላታገኙት ትችላላችሁ። ፈልጋችሁ ካጣችሁ «ባለቤት የለውም» ማለት አይደለም፤ ያልተመዘገበ ማለት ነው። የአገራችን አብዛኛው ድርሰት ያልተመዘገበ ነው።

ያኔ ሥራው ወደ ሰው ይመለሳል። የሙያ ማኅበራትን፣ በዘመኑ ከባንዱ ጋር የተጫወቱ ሙዚቀኞችን፣ የሙዚቃ ቤቱን ቤተሰቦች ጠይቁ። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ የተመዘገበ ሥራ ከሆነም ማስረጃ አለ። አዋጁን ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ባለመብቶች በጋራ አስተዳደር ማኅበር በኩል ሮያሊቲ (ሥራቸው በተጠቀሙበት ቁጥር የሚከፈላቸውን ድርሻ) እንዲሰበስቡ መንገድ ከፍቷል፤ ደራሲው አባል ከሆነ ማኅበሩ ያውቀዋል።

ደራሲው ካረፉ ከወራሾች ጋር ትነጋገራላችሁ። እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም፤ በአክብሮት ግን ሳትዘሉ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ጠይቁ። ማስረጃው ላይ የተዘረዘሩት ወራሾች ስንት እንደሆኑ ቁጠሩ። አምስት ከሆኑ አምስቱም ይፈርማሉ፤ ወይም አራቱ ለአንዱ ውክልና ይሰጣሉ። ውክልናው በሰነዶች ማረጋገጫ የተመዘገበ መሆን አለበት፤ ውጭ ያለ ወራሽ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ይሰጣል። የውክልናውን ቃል አንብቡ። «ቤቴን እንዲያከራይ፣ መኪናዬን እንዲሸጥ» የሚል ውክልና በቅጅ መብት ላይ ውል ለመዋዋል አይበቃም። «የአባታችንን የሙዚቃ ድርሰቶች በሚመለከት ውል እንዲዋዋል፣ ገንዘብ እንዲቀበል» የሚል ግልጽ ቃል ያስፈልጋል። የትዳር ጓደኛም በሕይወት ካሉ እሳቸውን አትዝለሉ።

ሙዚቃ ቤቱ «ሁሉንም ገዝቻለሁ» ካለ «ወረቀቱን ያሳዩኝ» በሉ። የኢኮኖሚ መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው። በካሴት ዘመን ድምፃዊው ወይም ዜማ ደራሲው በአንድ ጊዜ ክፍያ «ሸጥኩ» ብሎ ይፈርም ነበር፤ የተሸጠው ያ ካሴት ነው ወይስ ድርሰቱ ራሱ የሚለው ከውሉ ቃል ብቻ ነው የሚታወቀው። ደራሲ ተብሎ የመጠራትና ሥራው እንዳይዛባ የመቃወም የሞራል መብት ደግሞ ድርሰቱ ቢሸጥም ከደራሲው ጋር ይቀራል።

ደረጃ 3፦ ሳምፕል ይሁን ወይስ እንደገና ይጫወት?

ባለማስተሩ ካልተገኘ ወይም የማይቻል ዋጋ ከጠየቀ ሌላ መንገድ አለ፦ ያንን ክፍል በራሳችሁ ሙዚቀኞች እንደገና መቅረጽ። የአሜሪካ ሕግ በግልጽ እንዳስቀመጠው አንድን ቅጂ አስመስሎ በአዲስ መጫወት የማስተሩን መብት አይነካም። የዜማውን ፈቃድ ግን አያስቀርም፤ ከሁለቱ ፈቃዶች አንዱን ብቻ ነው የሚቀንሰው። አሜሪካ ላይ ያለው የግዴታ ፈቃድም (በሕግ የተወሰነ ክፍያ እስከተከፈለ ባለመብቱ የማይከለክለው) ሙሉ ዘፈን እንደገና ለመዝፈን እንጂ ዜማውን ቆርጦ አዲስ ዘፈን ውስጥ ለማስገባት አይሠራም።

እንደገና ስትቀርጹ ድሮ የነበረው ስሜት የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በመሣሪያዎቹ አቃኛኘት ነው። የቆዩ ቅጂዎች በቴፕ ፍጥነት ልዩነት ምክንያት ከመደበኛው 440 ኸርዝ ከፍ ወይም ዝቅ ብለው ይገኛሉ። መጀመሪያ ሳምፕሉን በቱነር ለኩት፤ 30 ሴንት (አንድ ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው) ከፍ ካለ ፕሮግራማችሁን በዚያው ልክ አስተካክሉ፣ ሙዚቀኞቹም በዚያ ይቃኙ። ከዚያ ነፋሾቹን አንድ ክፍል ውስጥ አብረው አቁሟቸው፤ በየተራ ተቀርጸው የተደራረቡ ሳክስፎኖች የዚያን ዘመን ድምፅ አይሰጡም። ሁለት ሳክስፎንና አንድ ትራምፔት፣ አንድ ማይክ ሁለት ሜትር ገደማ ራቅ ብሎ፣ ምቱም በሜትሮኖም (በምት ቆጣሪ) ሳይሆን በድራም ተጫዋቹ ሆኖ ይቀረጽ። ሜትሮኖም ላይ የተሰካ ትዝታ አይተነፍስም።

እዚህ ላይ የሚሠራ አንድ ስሕተት ሥራውን ሁሉ ዋጋ ያሳጣዋል። አዲሱ ቅጂ ሳሳ ሲል «ለማድመቅ» ብሎ ዋናውን ሸክላ ዝቅ አድርጎ ከሥሩ ማስገባት። ያ እንደገና ሳምፕል ነው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ድምፁን ከመሣሪያው ለይቶ የወጣ ትራክም ሳምፕል ነው፤ ከማስተሩ ነው የወጣው። እንደገና የቀረጻችሁ ከሆነ ክፍለ ጊዜውን በቪዲዮ ያዙ፣ ጥሬ ትራኮቹን አስቀምጡ፣ የተጫወቱት ሙዚቀኞችም ክፍያቸውን ተቀብለው መብታቸውን ያስተላለፉበትን ወረቀት ያስፈርሙ። «ሸክላውን ነው የወሰድከው» ሲባል መልሱ እሱ ነው።

ደረጃ 4፦ የጥያቄው ደብዳቤ

ደብዳቤው አጭር፣ ሙሉና በአክብሮት የተጻፈ ይሁን። ዘፈኑ ገና ሚክስ ያልተደረገ (ድምፆቹ ያልተመጣጠኑ) ከሆነም ይላክ፤ ማንም ሳይሰማ አይፈቅድም። እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ለተከበሩ አቶ … ፤ በ19… ዓ.ም. በ… ሙዚቃ ቤት ከታተመው ‹…› ከተሰኘው ዘፈን ከ0 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ እስከ 0 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያለውን የመሣሪያ ክፍል ‹…› በተሰኘ አዲስ ዘፈን ውስጥ ለመጠቀም ፈቃድዎን በትሕትና እጠይቃለሁ። ክፍሉ በአዲሱ ዘፈን ውስጥ 6 ጊዜ፣ በድምሩ 48 ሰከንድ ይሰማል፤ ቁልፉ ከፍ ተደርጓል። ዘፈኑ በድምፅና በቪዲዮ በመላው ዓለም በዲጂታል መንገድ ይሠራጫል። ለዜማው ከአዲሱ ድርሰት ሮያሊቲ …%፣ በቅድሚያም … ብር ለመክፈል ሐሳብ አቀርባለሁ። ስምዎ በዜማ ደራሲነት በሁሉም ቦታ ይጻፋል። ዘፈኑንና ግጥሙን አያይዣለሁ። ፈቃድዎን በጽሑፍ ሳላገኝ ዘፈኑን አልለቅም።»

ግጥሙን አያይዙ ያልነው በምክንያት ነው። በእኛ አገር ብዙ ደራሲያንና ቤተሰቦች ከገንዘቡ በፊት የሚጠይቁት «ምን ተብሎበት ነው የሚዘፈነው?» ነው። አባታቸው ለእናት የሠሩትን ዜማ በስድብ ግጥም ሥር መስማት አይፈልጉም፤ እንዳይፈልጉም መብት አላቸው። ትልልቅ ሰዎች ከሆኑ ደብዳቤውን ይዛችሁ ቤታቸው ሂዱ፤ በስልክ ላይ ድምፁን አሰሟቸው። በቃል የተባለው «እሺ ልጄ» ግን ፈቃድ አይደለም፤ ያንኑ ቀን ወይም በሳምንቱ ወደ ጽሑፍ ይግባ። የድምፅ መልእክትም ማስረጃ ሊሆን ቢችልም ውልን አይተካም።

ደረጃ 5፦ ስንት ይከፈላል?

የታተመ ዋጋ የለም። በልምድ የሚሠራበት መልክ ግን አለ። ለማስተሩ ወይ አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ ገንዘብ፣ ወይ ቅድሚያ ክፍያና ከገቢ መቶኛ። ለድርሰቱ የአዲሱ ዘፈን ድርሻ። ሳምፕሉ ከኋላ የሚሰማ ጥላ ከሆነ ከ10 እስከ 20%፣ ዘፈኑ የቆመበት ምሰሶ ከሆነ 50%፣ አዝማቹ እንዳለ ከተወሰደ ከዚያም በላይ ይጠየቃል።

በቁጥር እንየው። ከአንድ ዘፈን የነፋሱን ምልልስ ወሰዳችሁ፤ ለድሮው ድርሰት 40% ተስማማችሁ፤ ለዜማ ደራሲው 30፣ ለአቀናባሪው 10። ቀሪው 60 ለአዲሶቹ ነው፦ ገጣሚ 30፣ አዲስ ዜማ 15፣ ቢት 15። ድርሰቱ በዓመት 80,000 ብር ሮያሊቲ ቢያመጣ ዜማ ደራሲው 24,000፣ የድሮው አቀናባሪ 8,000፣ ገጣሚው 24,000፣ የቀሩት ሁለቱ እያንዳንዳቸው 12,000 ይደርሳቸዋል። ድምሩ 100 ካልሆነ ሰብሳቢ ድርጅቱ ገንዘቡን ሊያቆየው ይችላል፤ ይህ በየቀኑ የሚሠራ ስሕተት ነው።

በማስተሩ በኩል 15% እና 20,000 ብር ቅድሚያ ተስማማችሁ እንበል። ዘፈኑን ወደ ዲጂታል መደብሮች የሚያደርሰው አከፋፋይ 200,000 ብር ላከላችሁ። 15%ው 30,000 ነው፤ ቅድሚያው ሲቀነስ 10,000 ትጨምራላችሁ። አሁን ውሉ «ከወጪ ቀሪ» ይላል እንበል፤ ክሊፑ 170,000 ወጣበት ተብሎ ሲቀነስ 30,000 ይቀራል፣ 15%ው 4,500 ብር ብቻ ይሆናል፤ ቅድሚያው ላይ እንኳ አይደርስም። ሁለት ቃላት የባለማስተሩን ድርሻ በ25,500 ብር ይቀንሱታል። ለባለማስተሩ ፍትሐዊው «አከፋፋዩ ከላከው ጠቅላላ ገንዘብ» የሚለው ነው፤ መቶኛውን ዝቅ አድርጎ መሠረቱን ግልጽ ማድረግ ለሁለቱም ይበጃል።

ውጭ ካሉ አሳታሚዎች ጋር ስትዋዋሉ «ከሌላው ወገን ያላነሰ» የሚል አንቀጽ ይገጥማችኋል። የዜማው ወራሾች በ20,000 ከዚህ አንቀጽ ጋር ከፈረሙ በኋላ ባለማስተሩ 50,000 ቢያገኝ ለወራሾቹ 30,000 ትጨምራላችሁ። ስለዚህ ሁለቱንም ድርድር ጎን ለጎን አካሂዱ፤ አንዱን ዘግታችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ።

ደረጃ 6፦ ውሉ ውስጥ የማይቀሩ ነገሮች

«ለማንኛውም ጥቅም ፈቅጃለሁ» የሚል ውል ለፈቃድ ሰጪው ጎጂ ነው፤ ለተቀባዩም ቢሆን ሲከራከር ይፈርሳል። የተወሰደውን ክፍል በሰከንድ፣ አዲሱን ዘፈን በፋይሉ ስምና ርዝመት ለዩ። ድምፅ ብቻ ነው ወይስ ቪዲዮ፣ ማስታወቂያ፣ ፊልም፣ ሪሚክስ ጭምር? ሪሚክስ ሳይጻፍ የቀረበት ውል ዘፈኑ በተወደደ በሳምንቱ ይጨንቃል። አገሮቹ፣ ዘመኑ፣ ክፍያውና የሚከፈልበት ገንዘብ፣ የባንክ ሒሳቡ፣ ስም የሚጻፍበት መንገድ በፊደልና በላቲን፣ የሒሳብ መግለጫ በየስንት ወሩ እንደሚቀርብ (6 ወር የተለመደ ነው)፣ ባለመብቱ መዝገብ የማየት መብቱ ይግቡ። ፈቃድ ሰጪው «እኔ ነኝ ባለቤቱ፣ ሌላ ቢመጣ እኔ እጠየቃለሁ» የሚል ቃልም ይስጥ። ውሉ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ከሆነ ሲለያዩ የትኛው እንደሚገዛ ይጻፍ። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ፊርማ፣ ሦስት ምስክር፤ ከተቻለ ሰነዶች ማረጋገጫ ዘንድ ይመዝገብ። ጠበቃ የሚያስፈልገው ለዚህ ደረጃ ነው፤ ከተጣሉ በኋላ ከሚከፈለው ይህ እጅግ ይቀንሳል።

ደረጃ 7፦ ምዝገባው፣ ገንዘቡ በየት በኩል ይመጣል

እያንዳንዱ ገንዘብ የራሱ በር አለው። ከስፖቲፋይና ከአፕል የሚመጣው የማስተር ገንዘብ በአከፋፋዩ በኩል ይመጣል። አዲሱ ቅጂ 12 ፊደልና ቁጥር ያለው አይኤስአርሲ ኮድ ይሰጠዋል፤ ድርሰቱ ደግሞ ሌላ ኮድ፣ አይኤስደብልዩሲ አለው። ሁለቱን አታምታቱ።

የድርሰቱ የሕዝብ ጆሮ ክፍያ፣ ከሬዲዮ፣ ከኮንሰርትና ከስትሪሚንግ፣ በአስካፕ፣ በቢኤምአይ፣ በእንግሊዙ ፒአርኤስ፣ በሳሴም፣ በጀርመኑ ጌማ፣ በእስራኤሉ አኩም ወይም ባላችሁበት አገር ማኅበር ይሰበሰባል። በአስካፕና በቢኤምአይ ከክፍያው ግማሹ የደራሲ፣ ግማሹ የአሳታሚ ድርሻ ተብሎ ይለያል፤ በሌሎቹ ክፍፍሉ ሊለያይ ይችላል። አሳታሚ የሌላችሁ ከሆነ ራሳችሁን አሳታሚ አድርጋችሁ መመዝገብ እንደሚያስፈልግ በየማኅበሩ ደንብ ፈትሹ፤ አስካፕ ላይ ካልተመዘገባችሁ ያ ግማሽ አይደርሳችሁም። ዘፈኑን ስትመዘግቡ የድሮውን ዜማ ደራሲ በድርሻቸው አስገቡ፤ «ሳምፕል ይዟል» የሚል ቦታ ካለም በሐቅ ሙሉ።

አሜሪካ ውስጥ ከስትሪሚንግ የሚወጣው ሜካኒካል ሮያሊቲ ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 2021 ጀምሮ የሚሰበስበው ኤምኤልሲ ነው፣ አባልነቱም በነፃ ነው። ሸክላ ወይም ሲዲ አሜሪካ ውስጥ ካሳተማችሁ ደግሞ ክፍያው በቅጂ ነው፤ በ2025 ከ5 ደቂቃ ላልበለጠ ዘፈን 12.7 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። በዚያ ስሌት 1,000 ሸክላ 127 ዶላር ነው፤ የድሮው ድርሰት 40% ከሆነ 50.80 ዶላር የእነሱ ነው። እንደ ፓንዶራ ካሉ የኢንተርኔት ሬዲዮዎች የሚመጣውን የማስተር ገንዘብ ሳውንድኤክስቼንጅ ይሰበስባል፤ 50% ለማስተሩ ባለቤት፣ 45% ለዋናው ድምፃዊ፣ 5% ለአጃቢዎች።

ኢትዮጵያ ሆናችሁ ከአሜሪካ ገንዘብ ከተቀበላችሁ ደብልዩ-8ቤን የተባለውን የአሜሪካ የግብር ቅጽ ሙሉ። በሁለቱ አገሮች መካከል የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌለ ከአሜሪካ ምንጭ ከሆነው ሮያሊቲ 30% ሊቆረጥ ይችላል፤ ከወራሾች ጋር መቶኛ ስትነጋገሩ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ በኋላ «የት ገባ?» እንዳይሆን።

ዩቲዩብ ላይ

ሳምፕል ያለበትን ዘፈን ለኮንቴንት አይዲ (ዩቲዩብ የተመዘገበ ድምፅን በራሱ ለሚለይበት ሥርዓት) አታስገቡ። ሥርዓቱ ሳምፕሉን የእናንተ አድርጎ ይይዘውና የድሮውን ዘፈን የጫኑትን ሁሉ፣ ባለመብቱን ቤተሰብ ጭምር፣ ይከሳል። ከሳምፕል ስብስብ የተገዛ ቢት ላይም ይኸው ነው፤ አንዱን ሉፕ (ተደጋጋሚ የድምፅ ቁራጭ) ብዙ ሰው ገዝቶታል፣ የማንም ብቻ አይደለም። «ከሮያሊቲ ነፃ» የሚለው ፈቃድም ሻጩ ራሱ የቀረጸው ከሆነ ብቻ ነው የሚታመን፤ የታወቀ የአዝማሪ ድምፅ ያለበት ስብስብ ካጋጠማችሁ ድምፁ ከየት እንደመጣ ጠይቁ።

በእናንተ ላይ ጥያቄ ከመጣ አትደንግጡ፤ አይነቱን ለዩ። የኮንቴንት አይዲ ጥያቄ ገንዘቡን ያዞራል እንጂ ቻናሉን አይቀጣም። ስትቃወሙ ባለጥያቄው ለመመለስ 30 ቀን አለው፤ ውላችሁን ይዛችሁ ከሆነ ተቃወሙ። ቪዲዮው እንዲወርድ በሕግ የቀረበ ጥያቄ ግን ስትራይክ (በቻናሉ ላይ የሚመዘገብ ጥፋት) ያመጣል፤ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ከሆነ ቻናሉ ይዘጋል። ውል ከሌላችሁ አትቃወሙ፤ ሰውየውን ፈልጋችሁ ተነጋገሩ።

ባለመብቱ ካልተገኘ

«ድርሻቸውን በባንክ አስቀምጠንላቸዋል፣ ሲመጡ ይወስዳሉ» የሚል ብዙ ሰው አለ። ሐሳቡ ቀና ነው፤ ፈቃድ ግን አይደለም። ደራሲው ካልተገኙ ሳምፕሉ ይውጣና በቦታው አዲስ ምልልስ ይጻፍ፤ ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ ለብቻው በአንድ ትራክ አስቀምጡት ያልነው። የፈለጋችሁበትን ቀን፣ የጠየቃችኋቸውን ሰዎችና መልሳቸውን የያዘው ፋይል ግን ይቀመጥ፤ ወራሾቹ ከዓመት በኋላ ሲገኙ ሪሚክሱን በእሱ ትጀምራላችሁ።

ፈቃዱን ያገኛችሁ ከሆነ ደግሞ ሥራው በመልቀቅ አያልቅም። ሰኔ 30 እና ታኅሣሥ 30 በስልካችሁ ማስታወሻ ላይ ይግቡ። በእነዚያ ቀናት ከአከፋፋዩ የመጣውን ሪፖርት እንዳለ ለባለመብቶቹ ላኩ፤ ስንት ጊዜ ተደመጠ፣ ስንት ብር መጣ፣ የእነሱ ስንት ነው፣ ከቅድሚያው ምን ያህል ቀረ። የሚከፈል ነገር ባይኖርም «በዚህ ግማሽ ዓመት 0» ብላችሁ ላኩ።